የላስታ ገበሬዎች ስለ ሃይማኖት ያደረጉት ተጋድሎ

ንጉሥ ግብር ይጥላል፥ ዘመቻ ይጠራል፥ ርስት ይሰጣል፥ ይነሣልም። የሰውን ልብ ግን በዐዋጅ ሊገዛው አይችልም። ይህንንም አጥብቆ ያስተማረው የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን መምህራን፥ ይልቁንም ከአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ጋራ ተወዳጅቶ ወደ ሮማ ሃይማኖት አዘነበለ። ይህን የተቃወሙት አቡነ ስምዖን በ1609 ዓ.ም. ከዮልዮስ ጋራ በጦርነት ወደቁ። ቀጥሎም ንጉሡ የቀዳሚት ሰንበትን አከባበር ሽሮ ገበሬው በዚያ ቀን እንዲያርስ ቢያዝዝ፥ የበጌምድሩ ሹም ዮናኤል ሸፈተ። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡ በደንቀዝ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮማ ሊቀ ጳጳስ መታዘዝን ማለ።

ከዚያ በኋላ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ጾሙና በዓሉም በሮማ አቈጣጠር እንዲሆን ታዘዘ። አንዲት ጥምቀትን በጸሎተ ሃይማኖት ዘወትር ለሚመሰክር ሕዝብ፥ ዳግመኛ ተጠመቅ ማለት አባትህም እናትህም ሳይጠመቁ ሞቱ ማለት ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየቤቱ ገባ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን የመሰሉ ሴቶችም የቤተ መንግሥትን ክብር ንቀው በስደት ሕዝቡን አጸኑ።

በ1621 ዓ.ም. ገደማ ላስታ ተነሣ። መሪውም ከነገሥታት ወገን የሚወለድ መልክአ ክርስቶስ ነበረ፤ ሠራዊቱ ግን አብዛኛው ገበሬ ነው። ከላስታ በስተሰሜን የዋግ አገር፥ ከተማውም ሰቈጣ፥ በዚያው በገደላማው ደጋ ይያያዛል። ማረሻ የሚይዘው እጅ ጦር ይዞ በገደሉ ተጠጋ፤ የንጉሡ ሠራዊትም ደጋግሞ ወጥቶ ደጋግሞ ተመለሰ።

በሰኔ 1624 ዓ.ም. የላስታ ሰዎች ወደ ወይና ደጋ ወርደው ከንጉሡ ጋራ ተዋጉ። ድሉ የንጉሡ ሆነ፤ ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ወደቀም ይነገራል። ልጁ ፋሲለደስና መኳንንቱ ግን እነዚህ ሙታን እስላም ወይም አረማዊ አይደሉም፥ የራስህ ክርስቲያኖች ናቸው ብለው እንደ ለመኑት ይተረካል። ንጉሡም በዚያው ወር የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ተወ። በጦር የተሸነፈው ገበሬ በሃይማኖት አሸነፈ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም። መልክአ ክርስቶስ ለፋሲለደስም አልገዛም አለ፤ በዚህም ከሃይማኖቱ ጋራ የሥልጣን ነገር ተቀላቅሎ እንደ ነበረ ይታወቃል። ፓትርያርኩና መምህራኑ በ1626 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ፤ በኋላም ተደብቀው የቀሩት ተገደሉ። ትናንት በሃይማኖቱ የተገፋው ዛሬ ገፊ ሆነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የቅብዐትና የተዋሕዶ ክርክር ተነሥቶ ወንድማማቾችን ለየ።

ስለዚህ የደብር ልጆች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው፥ ቤተ ክርስቲያን በነገሥታት ስጦታ ብቻ ቆማ አልኖረችም፤ ንጉሡ በተዋት ጊዜ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ በደሙ አቆማት። ሁለተኛው፥ ያ ገበሬ የሞተው እምነት በግድ አይጫንብኝም ብሎ ነውና፥ የእርሱ ወራሽ ነኝ የሚል ሁሉ በሌላው ላይ እምነትን በግድ ሊጭን አይገባውም። ማስተማር የካህን ነው፤ ማሳመን የእግዚአብሔር ነው።