ሕግ የቀደመው ልገሳ፦ የዓይን ብሌንና የኩላሊት ስጦታ ታሪክ በኢትዮጵያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከያዛቸው ከሦስት ሺህ በላይ ድንጋጌዎች መካከል፣ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ስላለው ሥልጣን የሚደነግጉት ቁጥር 18 እና 19 ከውርስና ከውል ድንጋጌዎች ያነሰ ቢወሱም፣ የአካል ልገሳ የሕግ መሠረት በኢትዮጵያ የተጣለው በእነርሱ ነው። አካልን በሙሉ ወይም በከፊል የመስጠት ተግባር ሰጪው በሕይወት ሳለ የሚፈጸምና ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ሕጉ ዋጋ ያሳጣዋል፤ የሕክምና ሙያ ደንብ የሚደግፈው ሲሆን ግን ክልከላው ይነሣል። ስጦታው በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞት በኋላ የሚፈጸም ቢሆን፣ ቃል የገባው ሰው በማናቸውም ጊዜ ቃሉን መሻር ይችላል። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ይህን ሲያረቅቁ በአገሪቱ ውስጥ የዓይን ባንክም ሆነ የንቅለ ተከላ ማዕከል ስላልነበረ፣ ሕጉ ተቋማቱን ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሟቸዋል።

በዚያን ጊዜ ንቅለ ተከላ፣ ማለትም ከአንድ ሰው የተወሰደን አካል ወይም ሕብረ ሕዋስ ለሌላው መትከል፣ በዓለምም ገና ጅምር ነበር። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በዶክተር ጆሴፍ መሪ አማካይነት በቦስተን ከተማ በመንትያ ወንድማማቾች መካከል የተከናወነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የዓይን ብሌን ታሪክ ግን ከዚህ ይርቃል። በሕክምናው ኮርኒያ የሚባለው ይህ ክፍል፣ በዓይን ፊት ለፊት ያለና ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው፤ የደም ሥር ስለሌለውም የተቀባዩ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚጥለው ከሌሎች አካላት ባነሰ መጠን ነው። ኤድዋርድ ዚርም የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1905 ኦሎሙትስ በተባለችው የሞራቪያ ከተማ የመጀመሪያውን የተሳካ የብሌን ንቅለ ተከላ አደረገ፤ ቭላዲሚር ፊላቶቭ ደግሞ በ1930ዎቹ በኦዴሳ ከሞቱ ሰዎች የሚወሰድ ብሌን ለሕያዋን እንደሚያገለግል በተከታታይ ሥራዎቹ አሳየ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ብሌን የሚሰበስብና የሚያቆይ ተቋም ማስፈለጉ ግልጽ ሆነና፣ የመጀመሪያው የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1944 በኒው ዮርክ ተቋቋመ።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ኦርቢስ ኢንተርናሽናል በተባለው ዓለም አቀፍ የዓይን ጤና ድርጅት ድጋፍ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የተቋሙ አስፈላጊነት በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ በዚያ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል 11.5 በመቶው በትራኮማ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌሎች ምክንያቶች ብሌናቸው ጠባሳ የያዘ ነበሩ። ትራኮማ በተደጋጋሚ ሲያጠቃ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሌት ተቀን እየፈገፈገ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲሽር የሚተወው ጠባሳ ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ የዓይኑ ሌላው ክፍል ደኅና ቢሆን እንኳ ሰውየው ማየት ያቅተዋል። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰን ዓይን ጠብታም ሆነ መነጽር አይመልሰውም፤ ተስፋ የሚሰጠው ከሌላ ሰው የሚገኝ ንጹሕ ብሌን ነው።

የሁለት ዓይኖች ስጦታ ለሁለት ሰዎች ብርሃን ይሆናል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ብሌኑ በተለምዶ ሰው ከሞተ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መነሣት አለበት፤ ከለጋሹ የሚወሰደው የደም ናሙና ለኤች አይ ቪና ለጉበት በሽታ ከተመረመረ በኋላም፣ ብሌኑ በተለየ ማቆያ ፈሳሽ በቅዝቃዜ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ባለሙያው ስሱን ሽፋን በጥንቃቄ አንሥቶ ቆቡን ይከድነዋል፤ የሟች ፊት መልኩን አይለውጥም፣ ቀብሩም በወጉ ይፈጸማል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል መግባታቸው ልገሳውን በሕዝብ ዘንድ አስተዋውቋል።

ኩላሊት ግን ከብሌን የተለየ መንገድ አለው። ኩላሊትን የመሰለ ሙሉ አካል ደም ካልተዘዋወረበት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይበላሻል፤ ከሟች ለመውሰድም በአብዛኛው አንጎል ሥራውን ማቆሙን በሙያ ማረጋገጥና በመሣሪያ እያስተነፈሱ የልብን ምት ማቆየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ሲከናወን የተጀመረው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ነበር። ይህም እናት ለልጅ፣ ወንድም ለእኅት የሚሰጡት ስጦታ ሲሆን፣ አካልን በገንዘብ መሸጥና መግዛት ግን የተከለከለ ነው። ለዘመዱ ኩላሊት መስጠት ለማይችል ሰው፣ ከሞት በኋላ የሚፈጸመው የብሌን ልገሳ ክፍት የሆነ በር ነው።

ይህ በር ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ በደቡብ ኢትዮጵያ ለሚገኘው ለጌዴኦ ሕዝብ፣ ምን ያህል ክፍት ነው? ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጌዴኦ ዞን ከተማ ወደ ዲላ፣ ይልቁንም በደጋው የቡናና የእንሰት እርሻ መካከል ወደምትገኝ እንደ ሬኮ ወዳለች ቀበሌ፣ የሰዓቱ ገደብ ሳያልፍ ብሌኑን የሚያነሣ ባለሙያ ከዋና ከተማ ማድረስ ከባድ በመሆኑ፣ የማንሣትና የማቆየት ሥራ ወደ ዞኑ ሆስፒታል መቅረብ ይኖርበታል። የሕዝቡ ፈቃድ ግን ከመሣሪያው የማያንስ ጉዳይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን የመሰሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎችን የያዘ ሲሆን፣ በቱቱ ፈላ ከመቃብር ላይ ከተተከሉት ድንጋዮች በአንዳንዶቹ የሰው ፊት ተቀርጿል፤ ይህም በዚህ ምድር ሟችን ማክበርና መልኩን ማስታወስ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ የአስከሬን ክብር ይጓደላል የሚለው ስጋት በንቀት ሊታለፍ አይገባም፤ በመረጃና በአክብሮት መልስ ሊሰጠው የሚገባ ስጋት ነው።

በወረቀት የተፈረመ ቃል የሚጸናው ሞት በደረሰበት ሰዓት ቤተሰብ ለዓይን ባንክ ሲደውልና ሲፈቅድ ነው። ለቅሶ በተጀመረበት ቤት ሐዘንተኛውን ስለ ልገሳ መጠየቅ የሚከብድ በመሆኑ፣ ጉዳዩ መነሣት ያለበት ሁሉም በጤና ተሰብስቦ ሳለ፣ በቤተሰብ ማዕድ፣ በእድር ስብሰባ፣ በቤተ እምነት፣ በጌዴኦም ሽማግሌዎች በሚመክሩበት በሶንጎ ነው። ለጋሹ ፈቃዱን ለልጆቹና ለእድሩ ዳኛ አስቀድሞ ቢናገር፣ ቤተሰቡ በሐዘን ሰዓት አዲስ ውሳኔ ከመወሰን ይልቅ የሟችን ኑዛዜ ይፈጽማል። ሕጉ ከስድሳ ዓመት በፊት ወጥቷል፤ ሐኪሞቹም ሥራውን ያውቁታል፤ የቀረው ቃሉን ለሚቀብሩን ሰዎች በግልጽ መንገር ነው።