ሁለት ጊዜ የሸሸች ከተማ

ጃካርታ ስገባ ሳይተረጎምልኝ የገባኝ የመጀመሪያው ቃል «ባጃይ» ነው። አዎ፣ የኛው ባጃጅ! እነሱም ባለሦስት እግሯን በሕንዱ ፋብሪካ ስም ነው የሚጠሯት። በአንዷ ተሳፍሬ፣ ከነዳርቻዋ ከ30 ሚሊዮን ሰው በላይ የሚኖርባትን ከተማ እያቆራረጥኩ ወደ «ኮታ ቱዋ»፣ ወደ አሮጌው ከተማ ወረድኩ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ድሮ ሱንዳ ከላፓ የተባለ የቁንዶ በርበሬ ወደብ ነበር። በ1527 ፋታሂላህ ያዘውና ጃያካርታ ተባለ፤ ስሙ ድልን የሚያበስር ነው። በ1619 ደግሞ የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያው ሹም ያን ፒተርሶን ኩን ከተማውን አቃጥሎ በቦታው ባታቪያን ቆረቆረ።

ደቾቹ የሚያውቁትን አደረጉ። እንደ አገራቸው ቦይ ቆፈሩ። ግን ጃቫ ሆላንድ አይደለችም። ውኃው ተኛ፣ ደለል ሞላው፣ ትንኝ ፈላበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወባ አዲስ መጤውን ያረግፈው ጀመር። አቅም ያለው ወደ ደቡብ ሸሸ። በ1808 የመጣው ገዢ ዳንደልስ ጭራሽ የድሮውን ግንብ አስፈርሶ የመንግሥቱን መቀመጫ ቬልተፍሬደን ወደተባለው ሰፈር አዛወረው። ሽሽት ቁጥር አንድ በሉት። 132 ሜትር የሚረዝመው የነጻነት ሐውልት ሞናስ የቆመው በዚያው አካባቢ ነው።

ሁለተኛውን ሽሽት ለማየት ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ሙዋራ ባሩ ሄድኩ። ቧንቧ ያልደረሰው ነዋሪ፣ ፋብሪካውም ሕንፃውም፣ ለዘመናት የከርሰ ምድር ውኃ ሲመጥ ኖረ፤ መሬቱም ሰመጠ። በዓመት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የወረዱ ሰፈሮች ነበሩ። ከባሕር መከላከያው ግንብ ውጪ ዋል አዱና የተባለ መስጊድ ውኃ ውጦት ባዶውን ቆሟል። ግንቡ ላይ ወጥቼ ስመለከት ባሕሩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ አየሁት!

መንግሥት በ2019 መዲናዋን ወደ ቦርኒዮ ደሴት ለማዛወር ወሰነ፤ በ2022 ኑሳንታራ ለተባለችው አዲስ ከተማ ሕግ ወጣ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መስመጥ ነው።

ከግንቡ ሥር አንዲት እናት ሙዝ እየጠበሱ ይሸጣሉ። አንድ ገዛሁና እየበላሁ አሰብኩ። ያኔም ዛሬም የሚዛወረው መሥሪያ ቤቱና ሹሙ ነው። ጉድጓዱ ያለው፣ መሬቱም የሚሰምጠው ግን እሳቸው ሰፈር ነው። እሳቸውን ማን ያዛውራቸዋል?