በወጣት ዝሆኖች ላይ የሚከሰተው የሄርፒስ ቫይረስ በሽታ

የዝሆን ሄርፒስ ቫይረስ በዝሆኖች ላይ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ በተለይ በእስያ ዝሆን ግልገሎች ላይ ለሞት የሚዳርግ የደም መፍሰስ በሽታ ያስከትላል። በመካነ አራዊት ከሚወለዱ የእስያ ዝሆን ግልገሎች ሞት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። በእስያ በዱር በሚኖሩ ዝሆኖችም ላይ ስለተገኘ፣ መንስኤው የመካነ አራዊት ኑሮ ነው ማለት ትክክል አይሆንም።

በሽታው በሳይንስ ሊታወቅ የቻለው በ1995 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ አራዊት ኩማሪ የተባለች የ16 ወር ግልገል ከሞተች በኋላ ነው።

ቫይረሱ በጎልማሳ ዝሆኖች ሰውነት ውስጥ ያለ ምልክት ተደብቆ ይኖራል፤ አልፎ አልፎም በኩንቢ ፈሳሽ አማካኝነት ይወጣል። ግልገሎች ከእናታቸው ያገኙት የመከላከል አቅም ሲቀንስና የራሳቸው ገና ሳይጠነክር፣ በአብዛኛው ከ1 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ለከባድ ሕመም ይጋለጣሉ። ቫይረሱ የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ስለሚያጠቃ ደም ወደ አካል ክፍሎች ይፈስሳል፤ ልብም ይጎዳል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች መፍዘዝ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የእንቅልፍ መዛባት ሲሆኑ በቀላሉ ሊታለፉ ይችላሉ። የፊት እብጠትና የምላስ መጥቆር ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል፤ ግልገሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚህም ምክንያት በርካታ መካነ አራዊት ግልገሎች ሳይገደዱ ደም እንዲሰጡ አስቀድመው ያለማምዷቸዋል፤ ደማቸውም በየጊዜው በፒሲአር ይመረመራል። ቫይረሱ በደም ውስጥ መጨመሩ ምልክት ከመታየቱ በፊት ስለሚታወቅ፣ ይህ ምርመራ ሕይወት የማዳን ዕድልን ይጨምራል።

ሕክምናው ፋምሲክሎቪርን የመሳሰሉ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶችን፣ ፈሳሽ መስጠትንና ከጎልማሳ ዝሆን የተወሰደ የደም ፕላዝማን ያካትታል። ቫይረሱን በቤተ ሙከራ ማሳደግ አዳጋች በመሆኑ የመድኃኒቶቹን ፈዋሽነት ማረጋገጥ አስቸጋሪ ሆኗል።

የአፍሪካ ዝሆኖች ከእስያ ዝሆኖች ያነሰ አደጋ እንዳለባቸው ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ በ2019 በኢንዲያናፖሊስ ሁለት ወጣት የአፍሪካ ዝሆኖች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በ2022 ደግሞ በዙሪክ መካነ አራዊት ሦስት የእስያ ዝሆኖች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አልቀዋል።

በሂዩስተን መካነ አራዊትና በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ትብብር የተዘጋጀው የኤምአርኤንኤ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ በ2024 ቴስ ለተባለች የ40 ዓመት ዝሆን ተሰጥቷል።

ቫይረሱ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ፣ ጎብኚዎች በዚህ በሽታ ምክንያት የሚያሰጋቸው ነገር የለም።