ስለ ስውራን ፍጡራን ስሞችና ስለ ጉራጌ አገር ምስክርነት

አውሮፓውያን «ፌሪ» የሚሉትን፥ በዓይን ሳይታይ በሰው ኑሮ ውስጥ እጁን የሚያስገባውን ፍጡር፥ በአማርኛ ባንድ ቃል ለመተርጐም የሚሞክር ሰው ወዲያው ይቸገራል። ዛር፥ ውቃቢ፥ አድባርና ጅን ሁሉም ይቀርቡታል፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ምክንያቱም የቃል እጥረት ሳይሆን፥ እያንዳንዱ ስም የራሱን ታሪክ ይዞ የመጣ መሆኑ ነው።

«ፌሪ» ራሱ «ፋቱም» ከሚለው የላቲን ቃል የወረደ ነው፤ የዚህም ሥር መናገርን ስለሚያመለክት፥ ስሙ በመነሻው ስለ ሰው ዕድል የተነገረ ቃል ማለት ነበር። አድባር ግን የግእዙ «ደብር» ብዙ ቁጥር ስለ ሆነ ስሙን ያገኘው ከተራራው ነው። ውቃቢ «ጠበቀ» ከሚለው «ዐቀበ» ጋራ ይዛመዳል። ጅን ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ ሥሩ መሰወርን ያሳያል። የዛር ምንጭ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ኤንሪኮ ቼሩሊ የአገው ሕዝቦች የሰማይ አምላካቸውን ከሚጠሩበት ስም ጋራ አያይዞታል። ይህ እውነት ከሆነ ዛር በአዲስ ሃይማኖት ፊት ከአምላክነት ወደ መንፈስነት የወረደ ስም ይሆናል።

ሕዝቡ ግን የዛርን አመጣጥ የሚያስረዳው በሌላ መንገድ ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ሳለ፥ ፈጣሪ ሊያያቸው ቢመጣ ያማሩትን ዐሥራ አምስቱን ደበቀች፤ እርሱም የተደበቁት እንደ ተደበቁ እንዲቀሩ ፈረደ፤ ዛሮችም ከእነርሱ ተወለዱ ይባላል። በአይስላንድም ስለ ስውር ሕዝብ አመጣጥ ይህንኑ የሚመስል ተረት ይነገራል።

ስም የታሪክ ማስረጃ መሆኑ በጉራጌ አገር ጐልቶ ይታያል። ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ ከወልቂጤ በስተደቡብ የሚገኙት ቸሃና ጐረቤቶቹ በጥንቱ እምነታቸው የሰማዩን ዋቅን፥ የነጐድጓዱንና የሌባ ቀጪውን ቦዠን፥ የሴቶቹንም ደሟሚትን ያከብሩ ነበር። ጉራጌኛ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን፥ ዋቅ የሚለው ስም ግን በኦሮሞና በሶማሌ ዘንድ የሚታወቀው የኩሽ ስም ነው፤ ስለዚህ የጥንት ጉርብትናን ይመሰክራል። እስልምና ሥር በሰደደበት በቡታጅራ አካባቢ ደግሞ ጅን የሚለው ስም የኋለኛውን የሃይማኖት ታሪክ ያስታውሳል።

ምስክርነቱ በስም ብቻ አያበቃም። ለደሟሚት የተለዩት ሙየት የሚባሉት ልጃገረዶች በመካከላቸው የሚነጋገሩበት የምሥጢር ቋንቋ ነበራቸው። ቮልፍ ሌስላው ይህን ቋንቋ በ1964 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቅርቦታል፤ ቀደም ብሎም በ1949 እ.ኤ.አ. መንፈስ ያደረባቸውን ሰዎች ልዩ አነጋገር አጥንቶ ነበር። በእንዲህ ያለው አነጋገር የተለመደው ቃል ድምፁ ተለውጦ ወይም ተጨምሮበት ለባዕድ ጆሮ ይሰወራል፤ ፍጡሩ ስውር እንደ ሆነ አገልጋዮቹም በንግግራቸው ይሰወራሉ።

እንግዲህ ተርጓሚ እነዚህን ሁሉ «ሰይጣን» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀልል፥ የሚጠፋው የእምነት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የተራራው፥ የጠባቂው፥ የጐረቤቱ ሕዝብና የሃይማኖቱ ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ጥንታዊው ሥርዓት በክርስትናና በእስልምና በተተካበት አገር ከሥርዓቱ ይልቅ የሚቈየው ስሙ ነውና፥ ተመራማሪ አስቀድሞ ስሙን እንደ ተነገረ ይጻፍ፤ ፍቺውን ከዚያ በኋላ ይፈልግ።