የኅዳር ጢስ አቃቂ ላይ ለምን ይተኛል?



ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ካዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት እሱን ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ከ9 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቷል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ቆፋሪውም ተሸካሚውም አብሮ ስለታመመ ቀባሪ ታጣ። ቀባሪ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእድርተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጢሱ በሽታውን ያባርራል ተብሎ ታምኖ ነበር። በትንፋሽ የሚተላለፍን በሽታ ጢስ አያባርረውም፤ መንደሩ መጠረጉ ግን ደግ ነገር ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው፤ ማጠኛው የዋለበት ወር ጢስ ከምድር ለመነሣት የሚቸገርበት ወር መሆኑ። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው እንደኛ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ሰፈር ነው።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። አቃቂ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከላይ እስከ ታች ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ይህን ተዳፋት ይዘው ወደ ደቡብ ወርደው አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ውሃው በሄደበት የሌሊቱ ብርድም ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳልና ሸለቆ ለሸለቆ እየተንሸራተተ ይወርዳል።

በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ይይዛል። በኅዳር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ኮከቡ ይደምቃል፣ ምድሪቱም ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ለሰማይ ትለቃለች። ያን ጊዜ መሬት ዳር ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ አክንባሎ ይከደናል። እንጀራ የጋገረች ሴት ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልጋትም፤ አክንባሎው ካልተነሣ እንፋሎቱ የት ይሄዳል? የማታው እሳት፣ የንጋቱ ምድጃ፣ የመኪናው ጢስ ሁሉ ከሥሩ ይጠራቀማል። ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቀው፣ ብዙ ጊዜ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ድረስ፣ ጢሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቶ ይታያል።

ሰው ቀድሞ ወደ ታች የወረደው ብርድና የማገዶ እጦት ሸሽቶ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው አካባቢ ተወረደ፤ ከዚያም ባሕር ዛፍ መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አዳናት። ያው ባሕር ዛፍ ጭሱንም ሰጠን። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ በአቃቂ በኩል አዲስ አበባ ደረሰ። ፋብሪካው መስመሩን ተከትሎ እዚህ ሜዳ ላይ ተተከለ፤ ለባቡርና ለውሃ የሚመች ቦታ ነበር፤ የሌሊቱን አየር ግን ማን አሰበው! እንዲህ ያለው ክዳን ምን እንደሚያደርግ በ1945 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ለንደን አይታለች፤ የከሰል ጢስ አምስት ቀን ተከድኖ ሺዎችን ገደለ።

ታዲያ ክረምት ሲገባ እፎይ ይባላል? ብዙ ሰው ዝናቡ አየሩን ያጥበዋል ይላል። አቧራውን ያጥባል፤ ደቃቁን ጢስ ግን እንደምናስበው አይደለም። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ በተደረገ ልኬት፣ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ በክረምት ወራት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ፀሐይ ደካማ ናት፣ ደመናው ዝቅ ይላል፣ ማገዶው እርጥብ ነው፣ በርና መስኮት በብርድ ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ቢታሰብም መጠኑ የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን ብዙ እጥፍ ያልፋል። ይህን ከሁሉ በላይ የሚተነፍሱት ምድጃ ዳር የሚውሉ እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

በ1911 የታጠነው ጭራሮ፣ ገለባና እበት ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ ጎማና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጨምሯል፤ ከእነዚህ የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። ስለዚህ ኅዳር 12 ቀን ጠርገን ቆሻሻውን ብናስወስድ ይሻላል። ማጠን ግድ ነው የሚል ካለ ደግሞ ቅጠሉን ብቻ፣ ለዚያውም ወደ ቀትር፣ አክንባሎው ከተነሣ በኋላ ያቃጥል።

ለእድራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። የለቅሶ ሌሊት ድስቱን ከድንኳኑ በላይ ባለው ከፍታ ላይ መጣድ ለምደናል፤ ደረቅ ቦታ ስለሆነ ይመቻል እንላለን። በጠራ ሌሊት አየሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ጢሱ በቀጥታ ሐዘንተኞቹ ላይ፣ አስም ባለባቸው ሽማግሌዎቻችን ላይ ይመጣል። ከመጪው በጋ ጀምሮ የሌሊቱ ምድጃ ከድንኳኑ በታች በኩል ይሁን፤ ወጥ የሚሠሩት እናቶችም ከምድጃው በላይ በኩል ይቁሙ።