ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ተማሪዎች መለየትና መደገፍ፦ የብሮዋርድ ካውንቲ ልምድ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ተማሪዎች የመለየቱ ሥራ በአብዛኛው የሚጀምረው ከጥቆማ ነው። መምህሩ ወይም ወላጅ ልጁ ከእኩዮቹ የተለየ መሆኑን ሲያስታውቁ ልጁ ለምዘና ይቀርባል። ጠቋሚ ያላገኘው ልጅ ግን ችሎታው የቱንም ያህል ቢሆን ከምዘናው አይደርስም። ይህ አሠራር ምን ያህል ልጆችን እንደሚያስቀር በአኃዝ ካሳዩት ጥናቶች መካከል በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በብሮዋርድ ካውንቲ የትምህርት አስተዳደር ላይ የተካሄደው በቀዳሚነት ይጠቀሳል።

ብሮዋርድ የፎርት ላውደርዴልን ከተማና አካባቢዋን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ጥናቱ በተካሄደባቸው ዓመታት ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ናቸው። በርካቶቹም ከካሪቢያንና ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ስደተኛ ቤተሰቦች ልጆች በመሆናቸው እንግሊዝኛን የሚማሩት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

በፍሎሪዳ ሕግ መሠረት አንድ ተማሪ በልዩ ተሰጥኦ መርሐ ግብር ለመታቀፍ በሥነ ልቦና ባለሙያ በሚሰጥ የአእምሮ ችሎታ ምዘና ቢያንስ 130 ነጥብ ማግኘት ይጠበቅበታል። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1991 በደነገገው መሠረት ደግሞ የትምህርት አስተዳደሮች ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡና እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላሉ ልጆች አነስ ያለ መስፈርት ሊያወጡ ይችላሉ። በብሮዋርድ ይኸው መስፈርት 116 ነጥብ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ተብለው ከተመዘገቡት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው 28 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ችግሩ ከመስፈርቱ ይልቅ ወደ መስፈርቱ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነበር። አሠራሩን የሚያውቁ ወላጆች ለልጆቻቸው ይጠይቃሉ፤ አቅም ያላቸውም የግል ባለሙያ ቀጥረው ያስመዝናሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ሁለት ፈረቃ የሚሠራው አባት እንዲህ ያለ መርሐ ግብር መኖሩን እንኳ ላይሰሙ ይችላሉ። መምህራንም ቢሆኑ በቋንቋ የሚቸገረውን፣ ዝም የሚለውን ወይም ደብተሩን በንጽሕና የማይዘውን ልጅ ለመጠቆም እምብዛም አይነሣሡም።

አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2005 የወሰደው እርምጃ ቀላል ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ፣ ጥቆማ ኖረም አልኖረ፣ በየክፍላቸው አንድ አጭር ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ። ፈተናው በቃላት ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ ልጁ የተደረደሩ ቅርጾችን ተመልክቶ የጎደለውን እንዲመርጥ ወይም የቅርጾቹን ሥርዓት እንዲያገኝ የሚጠይቅ ነው። በዚህ የመጀመሪያ ዙር 130 ነጥብ ያገኙ፣ አነስተኛው መስፈርት የሚመለከታቸው ከሆነ ደግሞ 115 ያገኙ ልጆች ወደ ሁለተኛው ዙር፣ ማለትም በባለሙያ ወደሚሰጠው የግል ምዘና ተላለፉ። የመጨረሻው መመዘኛ እንደ ቀድሞው ነው። አንድም ነጥብ አልተቀነሰለትም።

ውጤቱን ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ናቸው። ካርድ በሥራ ገበያ ላይ ባካሄዷቸው ሌሎች ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ልየታው ሁሉን አቀፍ ከሆነ በኋላ በመርሐ ግብሩ የታቀፉት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡና እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ልጆች ድርሻ በ180 በመቶ አድጓል። የላቲን አሜሪካ ዝርያ ባላቸው ልጆች ዘንድ ዕድገቱ 130 በመቶ፣ በጥቁሮች ዘንድ 80 በመቶ ነበር። በቀድሞው የጥቆማ አሠራር ሴት ተማሪዎችም ከወንዶች ያነሰ ይጠቆሙ እንደነበር ጥናቱ አረጋግጧል። እነዚህ ሁሉ ልጆች ቀድሞም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማሩ የነበሩ ናቸው።

ሥራው ያለ ወጪ አልተከናወነም። የቅርጽ ፈተናው ራሱ ርካሽ ነው፤ ከባድ የሆነው በሁለተኛው ዙር ለእያንዳንዱ ልጅ ባለሙያ መመደቡ ነበር። በመሆኑም በአሜሪካ የተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ በጀቱን በተጫነው ጊዜ አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁሉን አቀፍ ልየታውን አቋረጠ። ቀድሞ የነበረው ልዩነትም ተመልሶ ታየ። ለበጀት ኃላፊዎች ከጥናቱ ሁሉ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ምናልባት ይህ ነው።

ልጁ ከተለየ በኋላ ምን ይደረግለታል የሚለው ጥያቄ የመለየቱን ያህል ትኩረት አያገኝም። በብሮዋርድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ መሠረት፣ በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል አንድ እንኳ ልዩ ተሰጥኦ ያለው ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት የተለየ ክፍል ማዘጋጀት ነበረበት። አንድ ወይም አምስት ልጅ ይዞ አንድ ክፍል መክፈት ስለማይቻል፣ ከ20 እስከ 24 ከሚደርሱት ወንበሮች የቀሩት ባለፈው ዓመት ፈተና ከፍተኛ ውጤት ባመጡ፣ ነገር ግን የ130 ነጥቡን መስፈርት ባላሟሉ ልጆች ይሞሉ ነበር።

ከዚህ የተገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በአእምሮ ችሎታ ምዘና ተመርጠው የገቡት ተማሪዎች በፈተና ውጤታቸው ላይ ጎልቶ የታየ ለውጥ አላመጡም። ከፍተኛ ጥቅም ያገኙት ወንበር ለመሙላት የገቡት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው። በንባብም ሆነ በሒሳብ ያስመዘገቡት መሻሻል በስታቲስቲክስ መለኪያ የግማሽ መደበኛ ልዩነት ያህል ሲሆን፣ ቢያንስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቋል። በመደበኛው ክፍል በቀሩት ልጆች ላይም ጉዳት አልታየም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን በተሻለ መምህር ወይም በጎበዝ ጓደኛ ብቻ ማስረዳት አልቻሉም፤ ልጆቹ በቀድሞ ክፍላቸው ከአቅማቸው በታች ይሠሩ ነበር የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል።

ፈተና ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል የሚያስረዳ የቆየ ታሪክም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካሊፎርኒያው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ተርማን ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች በፈተና መርጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትለዋል። መስፈርቱን ሳያሟሉ ከቀሩት ልጆች መካከል ዊሊያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሁለቱም ኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ተርማን ከመረጧቸው መካከል ግን ይህን ሽልማት ያገኘ የለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ዜጎች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዝርዝር ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። የተግባር ልምዱም አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርታቸው የላቁ ልጆችን አሰባስቦ ያስተምር ነበር። በኋላም በመቐለ ቃላሚኖ፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቋቁመዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ በነበሩበት ወቅት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው መታየታቸው ይታወሳል።

የብሮዋርድን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶቻችን ማምጣት ግን ስሕተት ይሆናል። የ130 ነጥብ ትርጉም የሚታወቀው ፈተናው በዚያው አገር ልጆች ላይ ተሞክሮ ሲመጠን ነው። የቅርጽ ፈተናም ቢሆን ከትምህርት ልምድ ፈጽሞ ነፃ አይደለም፤ እርሳስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከያዘው ጋር እኩል አይጀምርም። ሊወሰድ የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው። ይኸውም መጀመሪያ ሁሉንም ልጅ በአነስተኛ ወጪ ማየት፣ ከዚያ ጥቂቶቹን በጥልቀት መመዘን፣ የመምህሩን ጥቆማ ደግሞ ፈተናው ያለፈውን ልጅ ለመጨመር እንጂ በር ለመዝጋት አለመጠቀም ነው።

የጊዜውም ጉዳይ አለ። ብሮዋርድ የመረጠው ሁለተኛ ክፍልን፣ ማለትም ልጆች ሰባትና ስምንት ዓመት የሚሆናቸውን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ምርጫ የሚካሄደው በአብዛኛው ተማሪዎች ስምንተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ ነው። በአምስተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጣ ውኃ ለመቅዳትና ታናናሾቿን ለመጠበቅ ቤት የቀረች ልጅ በዚያ የተፈታኞች ዝርዝር ውስጥ አትገኝም።