ወረራውን ያቆመው ፈረስ

ስሙኝማ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች! የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ሰንጠረዥ፣ ስለ ጥንቱ የአገራችን ቼዝ ነው። አያቶቻችን በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር አድርገው ይዘረጉት ስለነበረው ማለቴ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1520ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። በዛሬው ደቡብ ወሎ የነበረውን የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያስፈጸሙት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም፣ እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በ1971 የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሕግ ሰብስበው ጽፈውልናል፤ እግዜር ይስጣቸው።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች በምናባችን እናስቀምጥ። አንዱ ከጦሳ ሥር፣ ከደሴ የወረደ፤ ሌላው የቦርከና ዳር ሰው፣ ኮምቦልቼ። ሁለቱም ለፍቅሩ እንጂ ለሙያው የሚጫወቱ አይደሉም።

ጨዋታው በወረራ ይጀምራል። በወረራ ተራ የለም! ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው።

ደሴዬው ቸኮለ። አቦሉ ሳይቀዳ ሁለቱን ፈረሶች መሀል ገበታ አደረሳቸው። ኮምቦልቼው እጁን ሳይሆን ዓይኑን አስቀደመ፤ ፈረስ በተነሣ ቁጥር መደቆቹን፣ ማለትም እግረኛ ወታደሮቹን፣ እያየ ያስተካክላል፣ ያራመደውን ጠጠር መልሶ ሌላ ያራምዳል። ደሴዬው አንድ መደቅ ብቻውን የቆመ መሰለውና በፈረሱ በላው። ወረራው አለቀ። ተራው የማን ሆነ? የኮምቦልቼው! በጎን የነበረ መደቅ በሰያፍ ገብቶ ፈረሱን በላ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ጨዋታው የታመመው እዚህ ነውና። ደሴዬው «ፊሌ ይጠብቀኛል» ብሎ ነበር። ፊል የሚባለው ዝሆን ግን በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ነው የሚዘለው፤ ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜ ልኩን የሚረግጠው 8ቱን ብቻ ነው። ፈረሱ የሞተበት ቤት ከስምንቱ አንዱ አልነበረም። ይህን ሳይቆጥር ወረራን ማቆም ተራውን ለባላጋራ መስጠት ነው።

የቀረውን ላሳጥረው። እየተበላሉ ሄደው ደሴዬው፣ መደቅ ሳይቆጠር፣ ከንጉሡ ሌላ አንድ ፈረስ ቀረው። የድሮው ሕግ ያን የመጨረሻ ጠጠር መብላት ይከለክላል፤ ፈረሱ ሰባት ጊዜ ሳይዘል ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማት ማለት ግድ ነው። በሦስተኛው ዝላይ ኮምቦልቼው በደሩ፣ ቀጥ ብሎ በሚሄደው ጠጠር፣ ማት ማለት ይችል ነበር፤ የከበቡትም «ደሩን! ደሩን!» አሉ። እሱ ግን እንቢ አለ። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት ጥበብ የለውም ይባላል፤ በመደቆች ሲሆን ነው የሚጨበጨበው። መደቆቹን ገፋ፣ ገፋ፣ በስድስተኛው ላይ ያዘው።

እኔም የሱን መንገድ እወዳለሁ፤ ያለ ፍርሃት ግን አይደለም። ደሴዬው በፊተኛው ፈረስ ሐዘን ተውጦ ሁለተኛውን ወደ ጥግ መልሶ አስቀርቶት ነበር። አምስተኛውን ዝላይ ወደ ንጉሡ ቢመልሰው ፊት ለፊት የመጣውን መደቅ ይበላው ነበር፤ ሰባቱም ይሞላና እኩል ይለያዩ ነበር። አላመናችሁኝም? ገበታውን አምጡ፣ ከአምስተኛው ዝላይ እንደርድረው።